ቅባት የጎደለው ጨርቅ

እህቴን ማስቆጣት የፈለገ ሰው «አይዞሽ» ይበላት። ስድብ ትችላለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ጠግባዋለች። ሐዘኔታ ግን አትችልም። አንድ ጊዜ መድኃኒት ቤት ተሰልፈን አንዲት ሴትዮ እጇን አይታ ከንፈሯን ብትመጥላት፣ «ምነው እመቤቴ፣ ጥርስዎን አመመዎት?» ብላ ሰልፉን ሙሉ አሳቀችባት። እኔ አጠገቧ ቆሜ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። እሷ እንዲያ ናት፣ እኔ ደግሞ እንዲህ ነኝ፤ የምነግራችሁ ነገር ሁሉ የመጣው ከዚህ ስለሆነ ከወዲሁ እወቁት።

ስትወለድ እንደ ላስቲክ በሚያብረቀርቅ ቀጭን ሽፋን ተጠቅልላ ነበር። እኔ ከአራት ዓመት በኋላ ስለመጣሁ አላየሁም፤ የነገረችኝ እናታችን ናት። ሽፋኑ በሁለት ሦስት ሳምንት ተቀርፎ ሲያልቅ ከሥሩ የወጣው ቆዳ ደረቅ፣ የተሰነጣጠቀና በየቀኑ የሚረግፍ ሆነ። አዋላጇ «ብዙ አትልፊባት» አለቻት። እናቴ ያን ቀን አልቅሼ ከዚያ ወዲህ አላለቀስኩም ትላለች። ውሸቷን ነው፣ ፊልም ስታይ ታለቅሳለች። ብቻ እንባዋን ጠርጋ ቫዝሊን ገዝታ ገባች፤ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር መቀባት ሥራዋ ሆነ።

ቅባቱ ደረቁን ያለዝባል፣ ሙቀቱን ግን አያበርደውም። እህቴን እንደ ሌላው ሰው ላብ አይወጣትም። አሥራ ሁለት ዓመቷ ላይ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ፈተና ስትፈተን ተዝለፍልፋ ወደቀች፤ ተሸክመው ሲያመጧት ሰውነቷ ግሎ እጅ አያስቀምጥም ነበር። ከዚያ ወዲህ እርጥብ ፎጣ ከአንገቷ ተለይቶ አያውቅም።

ጎረቤት ደግሞ ሥራ አልፈታም። «በእርግዝናዋ ጊዜ ምን በልታ ይሆን? ምን አይታ ይሆን?» ይባል ነበር። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ይህን ወሬ በአፉ ደግሞት ባያውቅም ዝም በማለቱ ደግሞታል። የዝምታውን ልማድ እኔ ሳልወርስ አልቀረሁም።

ትምህርት ቤት ያወጡላት ስም «ቅርፊት» ነው። ሌላ ልጅ ቢሆን ትምህርቱን ይተው ነበር። እሷ በደብተሯ ሽፋን ላይ፣ ከእውነተኛ ስሟ ከፍ አድርጋ፣ በቀይ እስክሪብቶ ራሷ ጻፈችው። አስተማሪው ለምን እንደሆነ ሲጠይቃት «ቅርፊት የሌለው ዛፍ ይደርቃል» አለችው። ዛሬም በፋብሪካው ውስጥ ቅርፊት ነው የምትባለው። እኔ ብቻ ነኝ እታለም የምላት፤ አንድ ቀን ቅርፊት ብያት በጥፊ ስላጮለችኝ።

የምንሠራው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነው። እኔ የሽመና ማሽን መካኒክ ነኝ፤ እሷ ደግሞ የተሸመነውን ጨርቅ የምትፈትሽ። ሥራውን ስትጠይቅ የዚያን ጊዜው ኃላፊ ጣቶቿን አይቶ «ሻካራ እጅ ጨርቅ ይጎትታል» ብሎ ሊመልሳት ነበር። «ያልተበጠሰ ክር አይጎተትም። አንድ ጥቅል ያምጡልኝ» አለችው። ጨርቁ በጠረጴዛው ላይ ሲሳብ ዓይኗን ጨፍና መዳፏን አስቀመጠች። ሦስት ቦታ ላይ «ቁም» አለች። ሦስቱም ቦታ ላይ የተበጠሰ ክር ተገኘ፤ አንዱን ዓይናማዎቹ ፈታሾች አሳልፈውት ነበር። በማግሥቱ ቁጥር ያለው ማኅተም ተሰጣት። ፈታሽ ያለ ማኅተም ፈታሽ አይደለም፤ ጥቅሉ የሚያልፈውም የሚመለሰውም በእሱ ነው።

ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሠራች። ቅባት ጨርቅ ስለሚያበላሽ ከንጋት ጀምሮ ሥራ እስክትወጣ እጇን አትቀባም። ወደ ማታ ጣቶቿ ይሰነጠቃሉ፣ አንዳንዴም ይደማሉ። ከእያንዳንዱ ጥቅል በኋላ ጠረጴዛዋን በብሩሽ ትጠርጋለች። ይህን ሁሉ የምታደርገው ማንም ሳያዛት ነው።

ሥራውን በጀመረችበት ዓመት፣ ሃያ ስድስት ዓመቷ ላይ፣ አንዲት የቆዳ ሐኪም ደሟን ወስዳ ወደ ላቦራቶሪ ላከች። ውጤቱ ሲመጣ ሦስታችንም ሄድን፤ እናቴ፣ እሷና እኔ።

«በሰውነታችን ውስጥ ሴራማይድ የሚባል ቅባት አለ» አለች ሐኪሟ። «እሱን የሚሠሩ ስድስት ኢንዛይሞች አሉን፤ ሴራማይድ ሲንቴዝ ይባላሉ። ሥራቸው አንድ ነው፣ ቅባት መቀጠል። ግን እያንዳንዱ የሚመርጠው የቅባት ክር ርዝመት አለው፣ የሚበረታበትም ቦታ አለው። የመጀመሪያው በአንጎልና በጡንቻ ይበረታል፤ እሱ የተበላሸበት ሰው በሚጥል በሽታ ይሠቃያል። ሁለተኛው በጉበትና በነርቭ ሽፋን ላይ ነው። ስድስተኛው ሲበዛ ደግሞ ከውፍረትና ከስኳር በሽታ ጋር ንክኪ እንዳለው እየተጠና ነው። ሦስተኛው እጅግ ረጅሙን ክር ይቀጥላል፤ ቆዳ እርጥበቱን እንዲይዝ የሚያደርገው ከዚያ የሚገኘው ቅባት ነው። ያንቺ ሦስተኛው አይሠራም።»

«አምስቱ ግን ሥራ ገብተዋል?» አለች እህቴ።

«ገብተዋል።»

«እኛ ፋብሪካ ከስድስት አምስቱ ሥራ ከገቡ ተመስገን ነው።»

ሐኪሟ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እኔም የሳቅኩ መስዬ ነበር፤ ግን በልቤ የማየው ማሽን ነው። ድር ከመሸመኑ በፊት ከሞራ ጋር በተቀቀለ ስታርች ውስጥ ያልፋል። ስታርቹ ያጠነክረዋል፣ ሞራው ያለዝበዋል። ያን ያላገኘ ድር ማሽን ላይ ሲወጣ ይፋቃል፣ ይበናናል። ለካ እህቴ ሞራ ያልነካው ድር ሆና ነው የምትኖረው አልኩ። ይህን ሐሳቤን በዚያው ረሳሁት፤ ባልረሳው ኖሮ ይህን ታሪክ አልጽፍም ነበር።

ሐኪሟ ቀጥላ እንዲህ ያለው ሕመም ከእናትም ከአባትም እኩል እንደሚመጣ፣ ሁለቱም ሳይታመሙ አንድ አንድ የተበላሸ ቅጂ ይዘው እንደሚኖሩ፣ ልጅ ሁለቱንም ሲወርስ ብቻ እንደሚታመም ነገረችን። ወደ እኔ ዞራም «አንተም አንዱን ይዘህ ሊሆን ይችላል» አለችኝ። ሳላስበው እጄን አየሁ። እናቴ ግን የሰማችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እንግዲያ የበላሁት ነገር አይደለም?» አለች።

«አይደለም፣ እናቴ። የበሉትም ያዩትም ነገር አይደለም።»

«ይጻፍልኝ። ማኅተምም ይኑረው።»

ተጻፈላት። ወረቀቱን ይዛ በየጎረቤቱ ዞረች። ሲያሟት ከነበሩት ሁለቱ ሞተው ነበር፤ ለተረፉት ሁሉ አስነበበች። ለሞቱትም ልታነብላቸው መቃብር ትሄድ ነበር ብል አትጠራጠሩኝ።

እንግዲህ ወደ ጉዳዩ ልምጣ። አምና አዲስ የጥራት ኃላፊ መጣልን። የሚናገረው ሁሉ በቁጥር፣ የሚያየው ሁሉ በችኮላ የሆነ ሰው። በመጣ በሦስተኛው ወር ደንበኛ አሥራ ሁለት ጥቅል ጥቁር ጨርቅ መለሰ። ይህ ጥቁር ጨርቅ በተነከረ ክር ስለሚሸመን ሳይታጠብ፣ ከነስታርቹ ነው ለደንበኛ የሚሄደው። በየእጥፋቱ ውስጥ ነጭ ብናኝ ተገኘ፤ እንደ ፎረፎር ያለ። አሥራ ሁለቱም ላይ ያለው የእህቴ ማኅተም ነው።

ኃላፊው በፈረቃ መለዋወጫ ሰዓት ሠራተኛውን አዳራሽ ውስጥ ሰበሰበ። እህቴን መካከል ላይ አቆማት። ከዚያ የእጅጌዋን ጫፍ በእስክሪብቶ ገለጥ አደረገው። በጣቱ አይደለም፣ በእስክሪብቶ! ክንዷ ላይ የነበረው ደረቅ ቆዳ በመብራቱ ሥር ታየ።

«እዚህ ወንድሟ አለ አሉኝ» አለ። «የታለ?»

እጄን አወጣሁ።

«ቤት ውስጥም እንዲህ ይረግፋል?»

አርባ ጥንድ ዓይን ተተከለብኝ። እሷም አየችኝ። እውነት ነው የተጠየቅኩት፤ በየጠዋቱ አንሶላዋን የምታራግፈው እናቴ ናት። «አዎ፣ ይረግፋል» አልኩ። ከአፍ የወጣ አፋፍ። ጆሮዬ ጋለ፣ አንገቴን ደፋሁ።

ኃላፊው ማኅተሟን ተቀብሎ ኪሱ ከተተና ከነገ ጀምሮ ማጠቢያና ማድረቂያ ክፍል እንድትገባ አዘዘ። ያ ክፍል እንፋሎት ነው። ጤነኛ ሰው እንኳ በየሰዓቱ ወጥቶ ይተነፍሳል። ላብ ለማይወጣው ሰው ግን የሞት ፍርድ ነው። ወይ ትገባና ትወድቃለች፣ ወይ ሥራውን ትለቃለች፤ ሦስተኛ መንገድ አልነበራትም።

ማታ ቤት ስገባ አልጋዋ ጫፍ ተቀምጣ እጇን ትቀባለች። እናቴ በሩ ላይ ቆማ «ተዪው ልጄ፣ ቁጭ በይ፤ እኔ አለሁ» ትላታለች።

«ዘጠኝ ዓመት ቆሜ የሠራሁትን ቁጭ ብዬ ልተወው?» አለች እህቴ። እኔን ስታይ ፊቷ አልተለወጠም። «የናቴ ልጅ፣ መጣህ?»

«እታለም፣ እኔ እኮ የተጠየቅኩትን…»

«አውቃለሁ። አልዋሸህም። ጥርት ያለ መልስ ነው የሰጠኸው።»

ብትሰድበኝ በተሻለኝ። ከትራሷ ሥር መሐረብ አውጥታ ፈታችው፤ ከተመለሰው ጨርቅ አራግፋ ያመጣችው ብናኝ ነው። በሁለት ጣቷ አሸት አደረገችው።

«ይሄ የእኔ አይደለም» አለች። «የእኔ ስስ ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል። ይሄ ዱቄት ነው። ግን አደራረቁ የእኔኑ ይመስላል። ቅባት የጎደለው ነገር እንዲህ ነው የሚበናነው፤ ሠላሳ አምስት ዓመት በላዬ ላይ ሳየው ኖሬያለሁ። ማሽንህ ሥር ምን አለ?»

ማሽኔ ሥር ምን እንዳለ አውቅ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ነጭ ብናኝ እየተጠራቀመ በየጠዋቱ በአየር ቱቦ ስነፋው ነበር። ድሮም ትንሽ ይበናናል፤ ይህን ያህል ግን ኖሮ አያውቅም። አለመናገሬ ፈርቼ ነው። ብናገር ጻፍ ይሉኛል፤ ብጽፍ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልክ ይሉኛል። ሁሉንም ነገርኳት።

«ሁለት ወር?» አለች።

«ዝም አይነቅዝም ብዬ…»

«ያንተስ ነቅዟል። ብናኙም የወረደው እኔ ላይ ነው።»

እናቴ ጭንቅላቷን ይዛ ወጣች። እኔ የሚገባኝን ነው ያገኘሁት፤ እስከ ዛሬም ሳስበው ያመኛል። ትንሽ ቆይታ እህቴ ማሰሮ የምታህል የቫዝሊን ጣሳዋን ከደነችና «ነገ ሳትነፋው በፊት በወረቀት አፍስልኝ» አለች። ይቅር በለኝ የምትል ሴት አይደለችም፤ ይቅር ብዬሃለሁም አትልም። ሥራ ነው የምትሰጣችሁ።

ጠዋት ገና ማሽኖቹ ሳይነሡ በሆዴ ተንፏቅቄ ከሦስት ማሽን ሥር ብናኝ ሰበሰብኩ። እሷ ደግሞ ወደ ፋብሪካው ክሊኒክ ሄዳ ነርሷን አዮዲን ጠየቀቻት።

«የት ቆሰልሽ?» አለቻት ነርሷ።

«ማኅተሜ ላይ» አለች እህቴ። ነርሷ ነገሩን ሰምታ ጠርሙሱን ራሷ ይዛ መጣች።

ፈረቃ ሲለዋወጥ እህቴ በማጠቢያ ክፍል ፈንታ አዳራሹ መካከል፣ ትናንት የቆመችበት ቦታ ላይ ጠረጴዛ ስባ ቆመች። ሰው መሰብሰብ ጀመረ። ኃላፊው እየተጣደፈ መጣ።

«የት ነው የታዘዝሽው?»

«እሄዳለሁ። አምስት ደቂቃ ይስጡኝ። ትናንት እርስዎ ለእኔ ሰው ሰበሰቡ፤ ዛሬ እኔ ለእርስዎ።»

ሦስት ነጭ ወረቀት ዘረጋች። በመጀመሪያው ላይ ደንበኛው ከመለሰው ጨርቅ ብናኝ አራገፈች። በሁለተኛው ላይ እኔ ያመጣሁትን አፈሰሰች። ከዚያ ሁሉም እያያት ቧንቧው ጋ ሄዳ እጇን በሳሙና ታጠበች፣ አደረቀች፣ በሦስተኛው ወረቀት ላይ በጠንካራ ብሩሽ መዳፏን ፈገፈገች። ቆዳዋ ረገፈ። ማንም ሳይገልጥላት እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ ነበር። አንዳንዱ ፊቱን አዞረ። እሷ አላዞረችም።

«ሲስተር፣ ጣል ጣል አድርጊልኝ» አለች።

ነርሷ በሦስቱም ላይ አዮዲን አንጠበጠበች። የመጀመሪያው ጥቁር ሰማያዊ ሆነ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛው እንደ አዮዲኑ ቡናማ ሆኖ ቀረ።

«ስታርች አዮዲን ሲነካው ይጠቁራል» አለች እህቴ። «የእኔ ቆዳ አይጠቁርም። ጨርቅዎ ላይ የተገኘው ስታርች ነው።»

«ይህ የተማሪ ቤት ጨዋታ ነው» አለ ኃላፊው።

«አዎ፣ ሰባተኛ ክፍል ነው የተማርነው። እርስዎ ያን ቀን ቀርተው ነበር?»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ኃላፊው ፊቱ ቀላ። ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ! ይህን ከየት አመጣኸው?»

«ከማሽኖቼ ሥር» አልኩ። «ሁለት ወር ሆኖታል። ስነፋው ነበር፤ አለመናገሬ የእኔ ጥፋት ነው፣ ጻፉብኝ። ትናንት ደግሞ ቤት ውስጥ ይረግፋል ወይ ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ይረግፋል። በየቀኑ ይረግፋል፣ በየቀኑም ይተካል። ዘጠኝ ዓመት ግን አንድ ቀን ጨርቅ ላይ ተገኝቶ አያውቅም፤ ይህን ትናንት ማለት ነበረብኝ።»

እህቴ አላየችኝም። ብሩሹን ግን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው እጇ ትንሽ ቆየ።

«ስታርቹ ለምን በነነ?» አለ ከኋላ አንዱ።

«ቅባት ስለጎደለው» አለች። «ሐኪም አያስፈልገውም። የእኔን በሽታ ነው የያዘው።»

ይህን ጊዜ ስታርቹን የሚቀቅሉት ሽማግሌ፣ ሁላችንም አባባ የምንላቸው፣ ሰውን ገፋ ገፋ አድርገው ወደ ፊት መጡ። ከሸሚዝ ኪሳቸው አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጡ።

«ሞራው ከቀረ ሁለት ወሩ ነው» አሉ። «የስታርቹ ገንዳ ቶሎ እንዲታጠብ ተብሎ። ሰም እንኳ ጠብ ላድርግበት ብል አይሆንም ተባልኩ። ትእዛዙ ይኸው፣ ፊርማውም ይኸው። ዝም ያልኩት ጡረታዬ ስለደረሰ ነው፤ ልጄ፣ ጥፋቱ የእኔም ነው።»

ፊርማው የማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። የገንዳ እጥበት ለማፍጠን ብሎ ጨርቁን አጣ፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚሉት። ወረቀቱን ሁለቴ አነበበው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሺ፣ ወደ ጠረጴዛሽ ተመለሽ። ማኅተምሽን ከቢሮ ትወስጃለሽ። ለማንኛውም ግን ከዛሬ ጀምሮ ጓንት አድርጊ» አላት።

እኔ ብሆን እጅ ነስቼ እሮጥ ነበር። እህቴ ካለችበት ንቅንቅ አላለችም።

«ጓንት አላደርግም» አለች። «እኔ የማየው በዚህ ነው። ፈታሽ ዓይኑን ሸፍኖ ይፈትሽ ካሉ ሌላ ሰው ይፈልጉ። ቢሮም አልመጣም። ማኅተሙን የወሰዱብኝ እዚህ ነው፣ ሰው ፊት።»

ማኅተሙ ኪሱ ውስጥ ነበር። አወጣውና ጠረጴዛው ላይ ሊያስቀምጠው ሲል መዳፏን ዘረጋችለት። የተሰነጠቀ፣ አሁን ተፈግፍጎ የቀላ መዳፏን።

«እዚህ» አለች። «በእጅዎ።»

ሰውየው ቆመ። አርባ ሰው ቆመ። በመጨረሻ ማኅተሙን መዳፏ ላይ አኖረው፤ ጣቶቹም መዳፏን ነኩት። ምንም አልሆኑም፣ እንደነበሩ ተመለሱለት። እሷ ማኅተሙን ጨበጠችና «አመሰግናለሁ» አለች፤ ስታመሰግን ትናንት የደረሰባትን ሁሉ የምትመልስ ትመስል ነበር።

ሞራው በሳምንቱ ተመለሰ። ኃላፊው ዛሬም አለ፤ እንዲህ ያለ ሰው በቀላሉ አይነቀልም። እህቴን ሲያገኛት ግን እጁን ዘርግቶ ነው ሰላም የሚላት። እሷም ሆነ ብላ ጥቂት አቆይታ ነው የምትለቀው።

ያን ዕለት ግን ገና አላለቀም። ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ ያስነሣችው የመጀመሪያ ጥቅል ከእኔ ማሽን የወረደ ነበር። እኔ በኩራት ጎኗ ቆሜያለሁ፤ ታረቅን ብዬ። ጨርቁ ከመዳፏ ሥር ይሳባል፣ እሷ ዓይኗን ጨፍናለች። ድንገት «ቁም» አለች። አጎንብሼ አየሁ፤ አንድ የተበጠሰ ድር፣ የፀጉር ያህል። እሷ ባታቆመው በእኔ ዓይን የሚታይ አልነበረም። ማኅተሟን በቀዩ፣ በ«ይመለስ» ቀለም ነክራ መታችበት።

«እታለም!» አልኳት። «ዛሬ እንኳ?»

«አንተ የናቴ ልጅ ነህ» አለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ። «ጨርቅህ ግን የናቴ ልጅ አይደለም። ከማሽንህ ምን እንደተበላሸ እይ፤ ካገኘኸው ደግሞ ተናገር።»

ጥቅሉን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ወደ ማሽኔ ተመለስኩ። ጥፋቱን አገኘሁት፣ ጻፍኩት፣ ፈርሜ አስረከብኩ።